ምናልባት የሚባለው ፋይል

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ በወጣላት ስም የሚጠራት ሰው አልነበረም። ሁሉም «ወይኔ» ነው የሚላት። በር በኃይል ከተዘጋ «ወይኔ» ትላለች፤ ስልክ ያለወትሮው ሰዓት ከጠራ «ወይኔ» ትላለች፤ ልጇ ከትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ ከዘገየች ደግሞ ሦስት ጊዜ ትደጋግመዋለች። ሥራዋ አራሚነት ነው። ሊታተም የተዘጋጀውን ጽሑፍ ቃል በቃል እያነበበች ስህተቱን በቀይ ብዕር ታወጣለች። አሥራ አራት ዓመት ስህተት ሲፈልግ የኖረ ሰው ደግሞ ስህተት የሚታየው ወረቀት ላይ ብቻ አይደለም። ሰማዩ ላይ ይታየዋል፣ ደረጃው ላይ ይታየዋል፣ የሰው ፊት ላይ ይታየዋል።

ሰርቨሩን የሰጧትም ለዚሁ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የቀድሞው ቴክኒሻን ሌላ ሥራ አግኝቶ ሲለቅ፣ ሁሉም ጋሼ የሚሉት የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሠራተኛውን ሰብስቦ ዙሪያውን ቃኘና «ይኼ ነገር ለደፋር ሰው አይሆንም። ቁልፉን ለወይኔ ስጧት» አለ። ሰዉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ክፍሉ መስኮት ይኑረው አይኑረው እያሰበች ነበር።

መስኮት የለውም። ሰርቨሩ ደረጃው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ፣ አቧራ የለበሰ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርም ሣጥን ነው። የየመጽሐፉ ጽሑፍ፣ ሥዕልና ካርታ የሚኖረው እዚያ ነው። ዲዛይን ክፍሉ ሠርቶ እዚያ ያስቀምጣል፤ ኅትመት ክፍሉ በኔትወርክ ከዚያ ይወስዳል፤ ጥራዝ ክፍል ያለችው የወይኔ ጓደኛ ጠራዧ የገጾቹን ቅደም ተከተል ከዚያ ታያለች። እሱ ከታመመ ቤቱ በሙሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ቴክኒሻኑ ድምፁ የጎረነነ ጎልማሳ ነበር። ከመሄዱ በፊት ሁለት ቀን አስተማራት።

«ይኸውልሽ፣ ውስጡ የማይታይ ፕሮግራም አለ» አላት። «ኮምፒውተሩ ከተከፈተ ጀምሮ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አንዱ መጥቶ በር ሲያንኳኳ ስሙን ይጠይቃል፣ ደንቡን ያያል። ከተፈቀደለት ይከፍትለታል፤ ካልተፈቀደለት ይመልሰዋል።»

«ዘበኛ ነዋ።»

«ዘበኛ በይው። እኛ ባለሙያዎቹ ግን ዴሞን ነው የምንለው።»

«ምን አልከኝ?»

«ዴሞን።»

«ጋኔን?»

ሰውየው ጆሮውን አከከ። «እንግዲህ እሱ ነገር ሲተረጎም ወደዚያው ነው።»

«ወይኔ» አለች። «እኔ የልጅ እናት ነኝ። ከጋኔን ጋር ደረጃ ሥር ልቀመጥ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የፕሮግራሙ ስም በቤቱ ሁሉ «ጋኔኑ» ሆነ። «ጋኔኑ ተነሥቷል?» ይባላል ጠዋት ጠዋት። «ጋኔኑ ዛሬ ኩርፊያ ላይ ነው» ይባላል፣ ፋይል እንደ ቀንድ አውጣ ሲጎተት።

የጋኔኑ መተዳደሪያ ደንብ አንድ ረጅም ፋይል ነው። ለእያንዳንዱ ፎልደር አንድ አንቀጽ አለው። አናቱ ላይ የፎልደሩ ስም፣ ከሥሩ ፎልደሩ የተቀመጠበት ቦታ፣ ከዚያ «የተፈቀደላቸው» የሚል ትርጉም ያለው መስመርና የሰዎች ስም ዝርዝር። አንቀጾቹ ሦስት ናቸው። «ሥራ» የሚባለው የሁሉም ነው። «መዝገብ» የጋሼ ብቻ ነው። ሦስተኛውን ቴክኒሻኑ ያረመቻቸውን ገጾች እንድታስቀምጥበት ለእሷ ከፍቶላት ስሙን ሲጽፍ ፈገግ እያለ «ወይኔ» ብሎታል።

«ስልክ ላይ መሰላል የምንላት ምልክት አለች አይደል?» አላት። «እሷን ከአንድ መስመር ፊት ካስቀመጥሽ ጋኔኑ ያንን መስመር አያነበውም። እንደሌለ ቆጥሮ ተንጠላጥሎ ያልፋል። መስመሩን ስትፈልጊው መሰላሉን ታነሺለታለሽ።»

ይህንን በደብተሯ ጻፈች። ሦስት ትእዛዞችም ጻፈች። አንዱ ደንቡን ይፈትሻል፤ ስህተት ካለው ይናገራል። ሁለተኛው ጋኔኑን ቀስቅሶ አዲሱን ደንብ እንዲያነብ ያደርገዋል። ሦስተኛው በዚያች ደቂቃ ማን ከየትኛው ኮምፒውተር መጥቶ የትኛውን ፋይል እንደከፈተ ይዘረዝራል። ሦስተኛውን «ማን አለ» ብላ ሰየመችው። የዘበኛ ጥያቄ ነውና ቀለላት።

እንግዲህ «ወይኔ» የተባለው ፎልደር ውስጥ ከታረሙት ገጾች ሌላ አንድ ፋይል ነበር። ስሙ «ምናልባት» ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደረቷን እየወጋት ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበር። ነርሷ መርምራ መርምራ ምንም ስታጣባት «እናቴ፣ ጭንቅላትሽን መጋዘን አደረግሽው። የሚያስፈራሽን ሁሉ ጻፊውና ዝጊበት» አለቻት። ደብተር ላይ እንዳትጽፈው ልጇ ታነባለች። ቤት ውስጥ ኮምፒውተር የላትም። ስለዚህ በምሳ ሰዓት፣ ሰው ሲወጣ፣ እዚያው መሥሪያ ቤት መጻፍ ጀመረች። ቀኑን ታስቀድማለች፤ ከዚያ «ምናልባት» ትላለች። ምናልባት መሬት ተንቀጥቅጦ ደረጃው ይናድ ይሆናል። ምናልባት ልጄ መንገድ ስትሻገር ስልኳን እያየች ይሆናል። ምናልባት ጋሼ ማተሚያ ቤቱን ሳይነግረን ሸጦ ይጠፋ ይሆናል። ምናልባት ወረቀት ቆራጩ አንድ ቀን ጣቱን ይቆርጥ ይሆናል፤ ከምሳ በኋላ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ የሚጠጣ ይመስለኛል። ጽፋ ስትዘጋው ደረቷ እውነትም ቀለል ይላታል። ጉድጓድ ውስጥ እንደመጣል ነበር ለእሷ። ጉድጓዱ የሰው መንገድ ላይ ይሁን አይሁን አላሰበችም።

የስምንተኛ ክፍል የጂኦግራፊ መጽሐፍ በገባበት ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጋሼ ለአዲሱ ዲዛይነር የራሱ መግቢያ ስም እንዲሰጠው አዘዘ። እስከዚያ ድረስ በለቀቀው ሰው ስም ነበር የሚገባው። ስሙንና የይለፍ ቃሉን አወጣችለት። ልጁ ቢያንኳኳ ጋኔኑ መለሰው። ደንቡን ከፍታ «ሥራ» የሚለው አንቀጽ ውስጥ ከተፈቀደላቸው ተርታ ስሙን ጨመረች። ልጁ ደግሞ አንኳኳ። ጋኔኑ ደግሞ መለሰው። የረሳችው ጋኔኑን መቀስቀስ ነበር፤ አዲሱን ደንብ አላነበበም። ይህንን ግን ያወቀችው ኋላ ነው።

ጋሼ ከጀርባዋ ቆሟል። «ማሽኑ ባዶውን እየዞረ ነው» ይላል። «ስንት ደቂቃ ነው?»

«አሁን ጋሼ፣ አሁን።»

ቴክኒሻኑ ስልኩን አያነሳም። እጇ ላብ ብሎ ኪቦርዱ እያዳለጣት፣ የተፈቀደላቸው የሚለውን መስመር ጋኔኑ ባያነበው ሁሉም ይገባል ብላ አሰበች። አስተሳሰቧ ልክ ነበር። መሰላሏንም አስቀመጠች። ነገር ግን ሦስቱም አንቀጾች ያቺኑ መስመር ይዘዋል፤ ስትቻኮል ጠቋሚው ወደ ፋይሉ መጨረሻ ወርዶ ስለነበር መሰላሏ ያረፈችው ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ነው። «ወይኔ» ላይ። ፈተሸችው፤ ደንቡ ምንም ስህተት የለውም ተባለች። እውነት ነው፣ የአጻጻፍ ስህተት የለውም። ከዚያ ጋኔኑን ቀሰቀሰች።

ልጁ ገባ። የገባው ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ስለነበር ነው። እሷ ግን መሰላሏ ናት የከፈተችለት ብላ አመነች። ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ አለች። ከሰዓት በኋላ ሄዳ ሣጥኑን አየችው፤ ያጉረመርማል፤ ሁሉም ይሠራል፤ ፈራች። የሚሠራ ነገር አይነካም ብላ ተመለሰች።

እንግዲህ በማግስቱ ነው ነገሩ የጀመረው።

ቆራጩ በወረቀት መቁረጫው አጠገብ ስታልፍ ጠራትና ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ ዘረጋላት። «ቁጠሪ» አለ።

«ምኑን?»

«ጣቴን። አሥር ናቸው። ነገ ጠዋትም መጥተሽ ቁጠሪ።»

ሰውየው ቀልደኛ ስለሆነ ሳቀችለት። እሱ ግን አልሳቀም።

ከሰዓት አዲሱ ዲዛይነር ጠረጴዛዋ ድረስ መጥቶ «እትዬ፣ ሲጋራ ለማቆም ወስኛለሁ» አላት። «ወረቀት መጋዘኑ ደጃፍማ ከእንግዲህ አልደርስም።»

«ተባረክ የኔ ልጅ» አለችው ከልቧ። ልጁ ግራ ገብቶት ጥቂት ቆሞ ሄደ። ከአምስት ቀን በፊት «ምናልባት ይኼ አዲሱ ልጅ ሲጋራውን መጋዘኑ ደጃፍ ጥሎ ያቃጥለን ይሆናል» ብላ መጻፏ ትዝ እንኳ አላላትም።

ሐሙስ ጠዋት ጋሼ ስለ ጂኦግራፊው መጽሐፍ ሲናገር ቆይቶ በመጨረሻ «ደግሞ ማተሚያ ቤቱን አልሸጥም። የሚጨነቅ ካለ እንዳይጨነቅ» አለ። ሰዉ ወለል ወለሉን አየ። እሷ ብቻ ደነገጠች። አልሸጥም ካለ ሊሸጥ ነው ብላ፣ ልጇን ማን ያስተምርልኛል ብላ፣ እስከ ምሳ አንድ ገጽ አላረመችም። በምሳ ሰዓትም ያንኑ ጻፈች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ቤቱ ሁሉ የሚያውቀውን እሷ ብቻ አላወቀችም።

ዓርብ ከምሳ በኋላ የታረሙ ገጾች ይዛ ወደ ኅትመት ክፍል ስትገባ ቆራጩ እጁን ከኋላው አጣምሮ መንገድ ዘጋባት።

«የእጄ ነገር የነርቭ ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከእናቴ የወረስኩት ነው። ጠጥቼ አላውቅም።»

«ማን ጠጣህ አለህ?»

«አንቺ ነሽ እንጂ። ‹ምናልባት› ላይ ጽፈሽው የለ?»

ገጾቹ ከእጇ ወረዱ። «የት አየኸው?»

«ሁሉም አይቶታል። አዲሱ ልጅ ነው መጀመሪያ ያገኘው። ‹ወይኔ› የሚል ፎልደር ያየ ሰው ሳይከፍት ያልፋል እንዴ? ለቀልድ ብለን ነው የከፈትነው፤ የመሬት መንቀጥቀጡን፣ የደረጃውን እያነበብን ስንስቅ ነበር።» ጎንበስ ብሎ ገጾቹን ይለቅም ጀመር። «ኋላ ግን ያልሆነ ቦታ ደረስን።»

«የት?»

«የጠራዧን ነገር ነዋ። እሱን አይተን ዝም አልን። ለእሷ የነገራት ሰው የለም። እኔ እንኳ አፍሬ ነው ያልነገርኳት፣ እኔ ምን አድርጌ ነው የማፍረው?»

የምትገባበት ጠፋት። ገጾቹን እዚያው ጥላበት ወደ ደረጃው ሥር ሮጠች። ደንቡን ከፍታ ወደ ታች ስትወርድ መሰላሏን «ወይኔ» ላይ ቁጭ ብላ አየቻት። አሥራ አራት ዓመት አራሚ ሆና፣ ከሦስት መስመር መካከል አንዱን ስታ።

እጇ ወደ «ማን አለ» ሄደ። ዝርዝሩ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ዲዛይን ክፍል፣ የጂኦግራፊ ካርታ። ኅትመት ክፍል፣ የጂኦግራፊ ምዕራፍ ሁለት። ጥራዝ ክፍል፣ ምናልባት።

ጥራዝ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር የሚነካ ሰው አንድ ነው። ጠራዧ ናት። አሁን፣ በዚያች ደቂቃ፣ እያነበበች ነው።

የጠራዧ ነገር ከሁለት ዓመት በፊት የሆነ ነው። ማተሚያ ቤቱ የፈተና ወረቀት ያትም ነበር። ሲቆጠር ሁለት ቅጂ ጎደለ። ሦስት ቀን ሙሉ ሁሉም ተፈተሸ፣ ሁሉም ተጠየቀ፣ ሁሉም ሁሉንም በጎን ያይ ነበር። የጠራዧ ልጅ የዚያን ዓመት ተፈታኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ሁለቱ ቅጂዎች ከማጠፊያው ማሽን ጀርባ ተሸጉጠው ተገኙ። ወይኔ ያን ጊዜ ከሁሉም ቀድማ እልል ብላ ጠራዧን ያቀፈች ናት። ጠራዧ ለእሷ የሥራ ባልደረባ ብቻ አይደለችም። በየቀኑ አብረው ነው ወደ ቤት የሚሄዱት። እህቴ ነው የሚባባሉት።

ፋይሉ ውስጥ ግን እንዲህ ይላል፦ ምናልባት ጠራዧ ወስዳው ይሆናል። ልጇ ዘንድሮ ተፈታኝ ነው። እናት ለልጇ ምን አታደርግም? እኔም ብሆን።

ከዚህ በኋላ ያደረገችውን ሰው ጠይቋት ቢሆን ኖሮ ለምን እንዳደረገችው መናገር አትችልም ነበር። መሰላሏን አላነሣችም። ጋኔኑን አልቀሰቀሰችም። ገደለችው። አንድ ሰው እንዳያነብ የቤቱን በር ሁሉ በአንድ ጊዜ ዘጋች።

ወዲያው ከላይ ጩኸት መጣ። «ጠፋብኝ» አለ አንዱ። «የኔም» አለ ሌላው። የኅትመት ማሽኑ ድምፅ እየዘገየ ሄዶ ቆመ። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የገባት። ሰው አንዴ ከፍቶ ስክሪኑ ላይ ያወጣውን ገጽ በር መዝጋት አይመልሰውም። ያየ ዓይን አየ፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ወደ ጥራዝ ክፍል የሚወስደው ኮሪደር ሃያ እርምጃ ነው። ያን ቀን ረዘመባት።

ጠራዧ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ ጉልበቷ ላይ የተደረደሩ ገጾች አስቀምጣ በክር ትሰፋለች። ክፍሉ ሙጫ ሙጫ ይሸታል። ከጎኗ ስክሪኑ እንደበራ ነው፤ ፊደሎቹ ከበር ይታያሉ።

«ጋኔኑን አጠፋሽው» አለች ቀና ሳትል።

«አዎ።»

«እንዳላነብ?»

ወይኔ ዋሽታ ሌላ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። መብራት ነው፣ ማሽኑ ነው። አልወጣላትም። «አዎ» አለች።

«ይኸው አለ። አልጠፋም።» ጠራዧ መርፌውን ሳበች፤ ክሩ ሲሻገር ወረቀቱ ጮኸ። «የገጽ ቅደም ተከተሉን ልይ ብዬ ስገባ ስምሽን አየሁ። የኔዋ ምን ጽፋ ይሆን ብዬ ነው የከፈትኩት። የመሬት መንቀጥቀጡን አንብቤ ሳቅሁ። የልጅሽን አንብቤ አለቀስኩ። ከዚያ ራሴን አገኘሁ።»

«እኔ እኮ…»

«ቆይ። ‹እናት ለልጇ ምን አታደርግም› ብለሻል።»

«ብያለሁ።»

«እሱ አልከፋኝም። እውነት ነው፣ የማላደርገው የለም። በዚያ ሰሞን ደግሞ ሁሉም አስቦት ነበር፤ ሲያዩኝ አውቀው ነበር። ልብ ያስባል፤ ልብን ማን ይከለክላል?» አሁን ቀና አለች። ዓይኗ ደርቋል፤ ከእንባ ይልቅ ያ ነው ወይኔን ያስፈራት። «ቀኑን ግን ተመልከችው።»

ወይኔ ስክሪኑን አላየችም። ማየት አላስፈለጋትም፤ ቀኑ ተመልሶ መጣባት። ልጇ ትኩሳት ይዟት የተኛችበት ሰሞን ነው። እሷ የፈተናው ወረቀት ተቆጥሮ እስኪያልቅ ከሥራ መቅረት አትችልም ተባለች። ጠራዧ ግን የጥራዝ ሥራው ቆሞ ስለነበር ሐሙሱን ፈቃድ ወስዳ ወይኔ ቤት ሄዳ ከልጅቷ ጋር ዋለችላት።

«እኔ ቤትሽ ቁጭ ብዬ ጨርቅ እያረጠብኩ ግንባሯ ላይ ሳደርግ ነው» አለች ጠራዧ። «አንቺ እዚህ ሆነሽ ይኼን ጻፍሽ።»

«በምሳ ሰዓት ነው የጻፍኩት» አለች ወይኔ። ከአፏ እንደወጣ ምን ዓይነት መልስ እንደሆነ ሰማችው።

«በምሳ ሰዓት» አለች ጠራዧ። «እኔ ደግሞ በምሳ ሰዓት ደውዬ ‹ትኩሳቱ በረደላት፣ አይዞሽ እህቴ› ብዬሽ ነበር።»

ወይኔ ኩምሽሽ አለች። መሬት አፏን ከፍታ ብትውጣት በወደደች። እጇን የምታሳርፍበት አጥታ የበሩን ጠርዝ ያዘች፤ ሙጫ ነበረበት፤ ጣቷ ተጣበቀ።

«ደግሞስ» አለች ጠራዧ፣ ድምፅዋ ገና አሁን ተሰበረ፣ «በአራተኛው ቀን ከማሽኑ ጀርባ ሲገኝ፣ መጥተሽ አቅፈሽኝ ስትዘዪ፣ ለምን ‹ተገኘ› ብለሽ አልጻፍሽም? ፈለግሁት እኮ። ከሥሩ አንድ መስመር ይኖራል ብዬ ወደ ታች ወረድኩ። ከሥሩ ያለው የጣሪያ ማፍሰስ ነው።»

ያን ጊዜ ስለ ጣሪያው ማሰብ ጀምራ ነበር። ያልደረሰ ፍርሃት ለእሷ ያለቀ ነገር ነው፤ ትታው ወደሚቀጥለው ታልፋለች። የጻፈችውን ተመልሳ ማረም እንዳለባት አንድ ቀን እንኳ አልመጣላትም።

«አንቺ አራሚ አይደለሽም እንዴ?» አለች ጠራዧ። «የሰው ነጠላ ሰረዝ አታሳልፊም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስህተት አሳድረሽብኛል።»

ይህን ጊዜ ኮሪደሩ ላይ የእግር ድምፅ መጣ። ጋሼ ነው፤ ከኋላው ቆራጩና አዲሱ ዲዛይነር። ጋሼ ፊቱ ቀልቷል።

«የካርታው ሥራ ግማሹ ጠፍቷል። ማክሰኞ አንተን ካስገባንህ ጀምሮ ነው ይኼ ነገር» ይላል ወደ ዲዛይነሩ እየዞረ። «ምን ነካክተህ ነው?»

«ኧረ እኔ ምንም አልነካሁም ጋሼ።»

«ሳትነካ በራሱ ሞተ?»

ዝም ብትል ነገሩ ልጁ ላይ አርፎ ያልፍ ነበር። ልጁ ገና የሙከራ ጊዜው ላይ ነው። ወይኔ ይህ ታያት፤ ጠራዧም እንደምታያት አወቀች። የሚያሳፍር ነገር አንዴ ከሸፈኑት ሌላ መሸፈኛ ይጠይቃል።

«እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ ምን?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ሆን ብዬ። ልጁ ምንም አላደረገም።» ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር፤ ግን ቀጠለች። «ማክሰኞ መሰላሏን ያለ ቦታዋ አስቀመጥኩ። የኔን ፎልደር ነው የከፈትኩት። እናንተ ስታነቡ ሰነበታችሁ። አሁን ደግሞ እሷ ስታነብ አይቼ፣ አፍሬ፣ ሁሉንም ዘጋሁት።» ወደ ቆራጩ ዞረች። «ትጠጣለህ ብዬ ጽፌያለሁ። ሳልጠይቅህ ነው። እሷንም ወሰደች ብዬ ጽፌያለሁ። እሷ ልጄን ስታስታምምልኝ ነው የጻፍኩት።»

የመጨረሻውን ባትናገረው ማንም አያውቀውም ነበር። ተናገረችው። ዲዛይነሩ አንገቱን ደፋ። ቆራጩ እጁን ከኪሱ አውጥቶ መልሶ ከተተ።

«ስለ እኔም አንብቤያለሁ» አለ ጋሼ። «ሸጦ ይጠፋል ብለሻል። ሐሙስ አልሸጥም ብዬ ነገርኩሽ።»

«ሐሙስም ጽፌዋለሁ ጋሼ። ‹አልሸጥም ካለ ሊሸጥ ነው› ብዬ።»

ቆራጩ ሳቁ አመለጠውና በሳል አስመሰለው። ጋሼ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ሂጂ ጋኔኑን አስነሺው። ሰዉ ቆሟል። የጠፋውን የካርታ ሥራ ዛሬውኑ ከልጁ ጋር ቁጭ ብለሽ እንደገና ትሠሪያለሽ።» ሄደ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ደረጃው ሥር ተመልሳ ደንቡን ከፈተች። መሰላሏን ልታነሣ ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ቆመች። ብታነሣት «ወይኔ» ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ፋይሉ ውስጥ ምን ብትጽፍ የሚያየው የለም። ስድቡ በአደባባይ ከሆነ እርማቱ በጓዳ አይሆንም ብላ አሰበች። ሐሳቡ አንገቷን አስደፋት፤ መሰላሏን ግን ተወቻት። ጋኔኑን አስነሣችው። ከላይ ማሽኑ ሲንቀሳቀስ ጣሪያው ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ «ምናልባት»ን ከፍታ ወደዚያ ቀን ወረደች። የመጀመሪያውን አልሰረዘችም። አራሚ የተሳሳተውን ቃል አጥፍቶ አይደብቅም፤ አስምሮበት ከጎኑ ልኩን ይጽፋል። ከሥሩ ጻፈች፦ አልወሰደችም። በአራተኛው ቀን ከማጠፊያው ማሽን ጀርባ ተገኘ። ይህንን የጻፍኩ ቀን እሷ ቤቴ ሆና ልጄን ታስታምምልኝ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ከሥሩም እዚያ ቤት ማንም የማይጠራትን እውነተኛ ስሟን አሰፈረች።

ቀጥላ ስለ ቆራጩ ጻፈች። ስለ ጋሼ ጻፈች። ስለ ጣሪያው ጻፈች፤ አላፈሰሰም። እስከ ሥራ መውጫ ድረስ ከካርታው ሥራ መለስ እያለች ስትጽፍ ዋለች። ስንት ነገር እንዳልደረሰ ስታየው ደነገጠች፤ የደረሰው አንድ ነው፣ እሱም ያልጻፈችው።

መውጫ ሰዓት ላይ መሰላሏን አነሣች። ፈተሸች። ቀሰቀሰች። የፎልደሩን በር ራሷ ከዲዛይነሩ ኮምፒውተር ሄዳ አንኳኳችው፤ ጋኔኑ መለሳት። ያን ጊዜ ቦርሳዋን ያዘች።

ጠራዧን በሩ ላይ ካፖርቷን ስትለብስ አገኘቻት። ወትሮ ይኼን ጊዜ አንዷ የሌላዋን ቦርሳ ይዛ ትጠብቃለች። አሁን ሁለቱም የየራሳቸውን ይዘው ቆሙ።

«አነበብኩት» አለች ጠራዧ።

«ይቅር ትይኛለሽ?» አለች ወይኔ።

«አላውቅም።» ጠራዧ የካፖርቷን አዝራር ቆለፈች፤ አንዱን ሳተችው፤ ፈትታ መልሳ ቆለፈችው። «ዛሬ በገበያው በኩል ብቻዬን ነው የምሄደው። አትከተይኝ።»

«እሺ።»

ሦስት እርምጃ ሄዳ ቆመች። አልዞረችም። «የጂኦግራፊው ገጽ ብዙ ነው፤ ብቻዬን አልጨርሰውም። ነገ በጠዋት ነይና እጠፊልኝ።»

«ይቅር ብለሽኛል ማለት ነው?»

«አላልኩም። እጠፊልኝ ነው ያልኩት» አለች ጠራዧ፣ መንገዱንም ተሻገረች።